«ሴት ልጅ ቃል በቃል ነው የምታነበው» አሉኝ፤ ልተዋት?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። መንታ ልጆች አሉኝ፤ ሴትና ወንድ። ዘንድሮ ሁለቱም 11ኛ ክፍል ናቸው። የሚማሩት አንድ ክፍል ነው፣ አስተማሪያቸውም አንድ ነው። ጭንቀቴ እንግሊዝኛ ነው።

ሴቷ ምንባብ ስታነብ መዝገበ ቃላት ከእጇ አይጠፋም። ከእያንዳንዱ ቃል በላይ በእርሳስ አማርኛውን ትጽፋለች። አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። ፈተና ላይ ሰዓት አይበቃትም፤ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳትነካ ወረቀቱን ይቀበሏታል። ወንዱ ደግሞ ዓይኑን ጣል ጣል አድርጎ ያልፋል። ያላወቀውን ይዘላል፣ ይገምታል፣ ከሁሉም ቀድሞ ይወጣል። ውጤቱ ብዙም ባይሆን ከእሷ ይሻላል።

የሚገርመኝ፣ አማርኛ ልቦለድ ከሰጠኋት በሁለት ቀን ትጨርሳለች። እሱ አማርኛ መጽሐፍ በእጁ አይነካም።

አስተማሪያቸውን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ‹የሴቶች ተፈጥሮ ነው። ሴቶች ዝርዝሩን ይለቅማሉ፣ ወንዶች ጠቅላላ ሐሳቡን ይይዛሉ። በጥናት የታወቀ ነው። አይጨነቁ፣ በራሷ መንገድ ትሂድ› አሉኝ። ሰውዬው ጥሩ ሰው ናቸው። ግን ልቤ አላረፈም። ተፈጥሮዋ ከሆነ ልተዋት? ወይስ እንደ ወንድሟ አንብቢ ልበላት?»

መልስ

ውድ እህቴ፣

አይተዉአት። እንደ ወንድሟ አንብቢ ብለውም አያስጨንቋት። ልጅዎን የያዛት ተፈጥሮ አይደለም። ማስረጃውን ደግሞ ራስዎ ጽፈውልኛል።

እስኪ ያችን መስመር ተመልሰው ይዩዋት። አማርኛ ልቦለድ በሁለት ቀን ትጨርሳለች ብለዋል። ቃል በቃል መልቀም የሴት ተፈጥሮ ቢሆን አማርኛውንም እንደዚያው ታነበው ነበር። ልቦለድ ስታነብ መዝገበ ቃላት ትይዛለች? አትይዝም። የማታውቀው የገጠር ቃል ሲገጥማት ዘልላው ታልፋለች፤ ሁለት መስመር ወረድ ስትል ይገባታል። እንግዲህ መዝለልም፣ መገመትም፣ ጠቅላላ ሐሳብ መያዝም ታውቅበታለች ማለት ነው። እንግሊዝኛው ጋ ስትደርስ ነው የሚጠፋባት።

ይህ በእሷ አልተጀመረም። ማርክ ክላርክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ጥናት አፋቸውን በስፓኒሽ የፈቱ አዋቂዎች እንግሊዝኛ ሲያነቡ ተመልክቷል። በራሳቸው ቋንቋ ጎበዝ የሆኑት አንባቢዎች እንግሊዝኛው ላይ ሲደርሱ እንደ ደካማ አንባቢ መደናቀፍ ጀመሩ። ጉብዝናው ከውስጣቸው አልወጣም። የቋንቋው እጥረት መንገድ ዘጋበት እንጂ። ክላርክ ነገሩን የሰየመው በመብራት ቋንቋ ነው፤ እኛ «ሾርት አደረገ» እንደምንለው ማለት ነው። የልጅዎም ንባብ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ሾርት እያደረገ ነው።

ማየት ከፈለጉ ዛሬ ይሞክሩት። የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ትክፈትና ከአንድ ምንባብ ላይ መቶ ቃል ትቁጠር። ከዚያ ውስጥ ጨርሶ የማታውቀውን ታስምርበት። እኔ ለረጅም ዓመት ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ይህን ሙከራ አንዲት ተማሪዬን አሠርቻት 17 ቃል አሰመረች። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት፣ አንድ ሰው ጽሑፍን ያለ ረዳት አንብቦ በደንብ እንዲረዳ ከመቶ ቃል 98 ያህሉን ማወቅ አለበት። የማይታወቀው ሁለት ሲሆን ይገመታል። አሥራ ሰባት ሲሆን በምን ይገመታል? መገመቻው ራሱ ጠፍቷል እኮ። እንዲህ ያለ ገጽ ሲሰጣት መዝገበ ቃላት ያነሳች ልጅ ያደረገችው ያላትን ብቸኛ መሣሪያ ማንሳት ነው። ወንድሟም ያንኑ ገጽ ቢቆጥር የሱም ቁጥር ከእሷ ብዙ አይርቅ ይሆናል። ልዩነቱ እሱ ባላወቀው ላይ መራመድ መቻሉ ነው። እዚያ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን «በጥናት የታወቀ ነው» ወደተባለው ልምጣ፤ እንዲህ ሲባል የእናት አፍ ይዘጋልና። አስተማሪው ከባዶ አልተነሱም። ኦክስፎርድና ኒኮስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ 1,200 የውጭ ቋንቋ ተማሪዎችን በመጠይቅ ጠይቀው ነበር። ሴቶቹ የመማሪያ ስልቶችን ከወንዶቹ ይበልጥ ደጋግመን እንጠቀማለን አሉ። «ሴትና ወንድ ቋንቋ የሚማሩት ለየቅል ነው» የሚለው ወሬ ከእንዲህ ያለው ጥናት የመጣ ይመስለኛል። ልብ ይበሉ፤ የተጠየቁት ስለሚያደርጉት ነገር ነው እንጂ ሲያደርጉት ታይተው አይደለም።

ያንግና ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ወደ ንባቡ ራሱ ቀረበ። 49 ተማሪዎች አንዴ በራሳቸው ቋንቋ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በሚማሩት ስፓኒሽ እንዲያነቡ ተደረገ። እያነበቡ በልባቸው የሚያደርጉትን ጮክ ብለው ይናገራሉ። «ይህን ቃል ዘለልኩት»፣ «እዚህ ጋ ተመልሼ አነበብኩ» እያሉ። ከዚያ የተናገሩት ሁሉ በሁለት ጎራ ተመደበ፤ ጠቅላላ ሐሳብ የመያዝ ስልትና ዝርዝር የመልቀም ስልት። ልክ አስተማሪው እንደነገሩዎት። በዚህ ክፍፍል በሴትና በወንድ መካከል ልዩነት ተፈልጎ አልተገኘም። በጥቃቅን ነገር እዚህም እዚያም መለያየት ነበር፤ በዋናው ግን የለም።

የበለጠ የምወደው ሌላ ነው። ሲንዲ ብራንትማየር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት ስፓኒሽ ለሚማሩ 78 የአሜሪካ ተማሪዎች ሁለት ጽሑፍ ሰጠች። አንዱ ስለ ቦክስ ግጥሚያ፣ ሌላው ኑሮዋ ስላሰለቻት የቤት እመቤት ነው። ቦክሱን ወንዶቹ የተሻለ ተረዱት። የቤት እመቤቷን ሴቶቹ። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ደረጃ ያሉ ተማሪዎች ናቸው፤ ጽሑፉ ሲለወጥ ብልጫው ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ። ይህ የዓይን ወይም የአእምሮ ጉዳይ ቢሆን እንዲህ አይገለባበጥም። ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲያነብ ያልታወቀው ቃል ራሱ መንገድ ይሰጠዋል።

ከአገራችንም ልጨምርልዎት። ቀስ ብሎ ቃል በቃል ማንበብ የሴት ተፈጥሮ ከሆነ፣ የቄስ ትምህርት ቤቱን ተማሪ ምን ልንለው ነው? ፊደል ቆጥሮ፣ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ የእያንዳንዷን ቃል አጣጣልና አነሳስ ጠብቆ ዳዊት የሚደርሰው ባብዛኛው ወንድ ልጅ ነበር። እናንተው ጋ ወሎም ቁርኣን ቤት ሎሁን፣ የእንጨት ሰሌዳውን፣ ይዞ ፊደል በፊደል የሚቀራው ልጅ ወንድም ሴትም ነው። ሰው የሚያነበው እንዳስተማሩት ነው። ጥንቃቄ ከተማረ በጥንቃቄ ያነባል፣ መድፈር ከተፈቀደለት ይደፍራል።

አሁን ወደ ድፍረቱ ልመለስ፤ እኔ በዚህ ጉዳይ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ።

ያላወቁትን ቃል መገመት ማለት መሳሳትን መቀበል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ወንዱ ልጅ እጁን ያወጣል፣ ይሳሳታል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያወጣል። ሴቷ አንዴ ትሳሳታለች፣ ይስቁባታል፤ ከዚያ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድምጿን አልሰማም። እኔስ ምን አደርግ ነበር? ደብተር ሳርም ለሴቶቹ «ደብተርሽ እንዴት ያምራል፣ ጎበዝ» እላለሁ። ለወንዶቹ «ጥሩ ሙከራ ነው፣ ቀጥል» እላለሁ። ክፉ አስቤ አልነበረም። ግን ዓመት ሙሉ ሴቷን ስለ ንጽሕናዋ፣ ወንዱን ስለ ሙከራው ካመሰገንኩ፣ እሷ ንጹሕ ደብተር፣ እሱ ድፍረት ይዞ ቢወጣ ምን ይገርማል? ይህን የነገረችኝ አንዲት ተማሪዬ ናት። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ከተሳሳትኩ ደብተሬ ይበላሻል ብዬ ነው» አለችኝ። ያችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የልጅዎን ገጽ ሳስበው፣ ከእያንዳንዱ ቃል በላይ የተደረደረው የእርሳስ ጽሑፍ እሱኑ ይመስለኛል። እንዳትሳሳት አጥር ሠርታለች።

ሌላው ጊዜ ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎት አይደለም፤ የእኔም ቤት እንደዚያው ነበር። ትምህርት ቤት ለሁለቱም እኩል ነው። ከትምህርት ቤት በኋላስ? እሱ ጓደኞቹ ጋ ይሄዳል፣ ኳስ በዲኤስቲቪ በእንግሊዝኛ ኮሜንታተር ያያል፣ ስልኩ ላይ ጌም ይጫወታል። ጊዜውን አባከነ ብለን እንቆጣዋለን፤ ግን እግረ መንገዱን እንግሊዝኛ ጆሮው ይገባል። እሷ ያንን ሰዓት ቡና ታፈላለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ዕቃ ታጥባለች። መጽሐፍ የምትከፍተው ከእራት በኋላ ዓይኗ ሲደክም ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ የሁለቱን ሰዓት በወረቀት ይያዙት። ብዙ እናቶች ይህን አድርገው ደንግጠዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት መጽሐፍም ስልትም አይደለም። ማንም «እስኪ አንዴ ነይ» የማይላት አንድ ሰዓት ነው። በብርሃን፣ ሳይደክማት። ያ ከሌለ የሚከተለው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሰዓቱ ከተገኘ እንዲህ ትጀምር። የ11ኛ ክፍሉን ምንባብ ለጊዜው ትተወው። የ9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ወይም ባዮሎጂ መጽሐፏን ታውጣ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡን ደግሞ ተምራዋለች። የምታውቀውን ነገር ነው የምታነበው። ገንዘብም አያስወጣም። ቅድም ያልኳት መቶ ቃል ቆጠራ እዚህ ጋ ትጠቅማለች፤ ከመቶ ውስጥ ያላወቀችው ከአምስት ካለፈ ቀለል ወዳለ ገጽ ትሂድ። በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። በአማርኛም እዚህ የደረሰችው ከተረት ጀምራ ነው።

ገጹን አንዴ እስከ መጨረሻው ታንብበው፣ ያለ እርሳስ። ቃል ቢያቅታትም አትቁም። ከዚያ መጽሐፉን ትዝጋና ስለ ምን እንደሆነ በአማርኛ ለእርስዎ ትንገርዎት። እርስዎ እንግሊዝኛ ባያውቁ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ይሻላል። የማይገባ ነገር ከነገረችዎት «እንዴት?» ይበሏት፤ ተመልሳ ታያለች። ሁለተኛ ስታነብ ባላወቀችው ቃል ሥር ነጥብ ብቻ ታድርግ። ከነጥቦቹ ውስጥ መዝገበ ቃላት የምታይላቸው አምስት ብቻ ይሁኑ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ራሷ ትምረጥ። መምረጡ ራሱ ትምህርት ነው፤ ለመምረጥ የትኛው ቃል ሐሳቡን እንደተሸከመ ማሰብ አለባት።

የቀሩትን ትገምት። እንዴት እንደሆነ ላሳይዎት። ምንባቡ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ውሃ ስኬርስ ሆነ፤ ሴቶቹ ለአንድ ጀሪካን ሦስት ሰዓት ይጓዙ ጀመር።» «ስኬርስ» የሚለውን አታውቀውም። ዝናብ ቀርቷል። ለአንድ ጀሪካን ሦስት ሰዓት ይኬዳል። ውሃው ምን ቢሆን ነው? ጠፋ፣ አነሰ፣ እንደ ልብ አልገኝ አለ። አገኘችው። «ተወደደ» ብትልስ? እሱም ከእውነቱ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ቀጣዩ መስመር ያሻግራታል።

ለዚህ ከራሳችን ሊቃውንት አንድ ነገር ተውሼ ተማሪዎቼን አሠራቸው ነበር። የአንድምታ መምህራን አንዱን ንባብ ይፈቱና «አንድም» ብለው ሌላ ትርጉም ያስከትላሉ፣ እንደገና «አንድም» ብለው ሌላ። አንድ ፍቺ ብቻ ይዘው አይቆሙም። ልጅዎም በኅዳጉ ላይ ለአንድ ቃል ሁለት ግምት ትጻፍ፤ «ጠፋ፤ አንድም ተወደደ»። ሁለት ግምት ሲጻፍ አንዱ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ መሳሳት አያስደነግጥም። «ደብተሬ ይበላሻል» ያለችኝ ተማሪ የተፈታችው በዚህ ነው።

የማይገመቱ ቃላት ግን አሉ፤ እዚህ ጋ ወንድሟ ይምጣ። ትናንሾቹ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚገለብጡት። «ሽማግሌው ሀርድሊ ተናገሩ» የሚል ቢገጥመው፣ «ሀርድ» ጠንካራ ማለት ነው ብሎ «በኃይል ተናገሩ» ይላል። ትርጉሙ ተቃራኒው ነው፤ እምብዛም አልተናገሩም። «አንለስ» የሚለውን ዘልሎ ካለፈ «ካልመጣ» የተባለውን «ከመጣ» አድርጎ ይመልሳል። ፈጣን አንባቢ ነጥብ የሚጥለው በአብዛኛው እዚህ ነው። የወንዱ ልጅዎ ውጤት ከእሷ ጥቂት ብልጫ ብቻ ያለው ለምን ይመስልዎታል? ጥንቃቄ የሷ ነው፣ ድፍረት የሱ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧቸው። አንድ ምንባብ፣ ሁለት ሰው። እሱ መልስ በሰጠ ቁጥር እሷ «መስመሩን አሳየኝ» ትበለው። መልሱ ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደመጣ በጣቱ ማሳየት ካልቻለ አልተቆጠረም። እሷ ደግሞ አንድ አንቀጽ ባነበበች ቁጥር እሱ መጽሐፉን ይሸፍንባትና «በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪኝ» ይበላት። መጀመሪያ ላይ ይጣላሉ። ይጣሉ።

የፈተናው ሰዓት ጉዳይ እውነተኛ ነው፣ አልክድም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን ገና አንድ ዓመት ከምናምን አላችሁ። ፍጥነት እስከ መጋቢት አይጠይቋት፤ መጀመሪያ ሳትቆም ማንበብን ትልመድ። ከዚያ በኋላ ነው ሰዓት የሚያዘው። ፈተና ላይ ጥያቄዎቹን ቀድማ ታንብብ፣ ምንባቡን ያንን እየፈለገች ትሂድበት፤ የተሳሳተ መልስ ነጥብ የማያስቀንስ ከሆነ ደግሞ አንድም ክፍት ቦታ አትተው።

አስተማሪውን ተመልሰው ያነጋግሯቸው። ጥናት ይዘው አይሂዱባቸው፤ ማንም ሰው በወላጅ ፊት መሸነፍ አይወድም። ሁለት ነገር ብቻ ይለምኗቸው። ጥያቄ ሲጠይቁ መልስ ከመቀበላቸው በፊት ትንሽ ይጠብቁ፤ ከወጣው እጅ ሁሉ ቀድሞ ያወጣው ብቻ እንዳይመልስ። ምንባብ ሲመርጡ ደግሞ ኳስና ቴክኖሎጂ ብቻ አይሁን፤ ስለ ውሃ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግም ይምጣ። ጥሩ ሰው ናቸው ብለዋል፤ ይሰሙዎታል።

ለልጅዎ ደግሞ ተፈጥሮሽ ነው የተባለውን እንደሰማች ይጠይቋት። ሰምታ ከሆነ ዛሬውኑ ከእርስዎ አፍ ሌላ ነገር ትስማ። የመጨረሻውን አማርኛ ልቦለድ አምጪው በሏትና አንድ ገጽ ታንብብልዎት፤ ያላወቀችውን ቃል ስትዘል ያስቁሟትና «አሁን ምን አደረግሽ?» ይበሏት። ከዚያ ጂኦግራፊውን ትክፈት፣ አንድ ገጽ ብቻ። ሊጡን ዛሬ ወንድሟ ያቡካው።